ወተት ለማይስማማው ሰው ምን እናቅርብለት?

(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ዓመቱን አሳልፎ እንደገና በአንድ አዳራሽ ላገናኘን አምላክ ምስጋና ይድረሰው። በዓመቱ ውስጥ የተለዩንን የእድራችንን አባላት ነፍሳቸውን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

ሰብሳቢያችን «እርስዎም አንድ ጠቃሚ ነገር ይናገሩ» ብለው ባዘዙኝ ጊዜ ምን ልናገር ብዬ ብዙ አሰብኩ። እኔ የተማርኩት እስከ 6ኛ ክፍል ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩትም መዝገብ ቤት ውስጥ ፋይል ሳወጣና ሳስገባ፣ ደብዳቤ ስመዘግብ ነው። ስለዚህ በማላውቀው ነገር አልገባም። የምናገረው በራሴ ሆድና በራሴ ቤት ስለደረሰው፣ እንዲሁም ሐኪሞች ስላስረዱኝ ነገር ነው። ነገሩም ስለ ወተት ነው።

«እድር ስለ ቀብርና ስለ ድንኳን እንጂ ስለ ወተት ምን አገባው?» የምትሉ እንደምትኖሩ አውቃለሁ። እስከ መጨረሻው ከታገሣችሁኝ ግን እንደሚያገባው ትረዱልኛላችሁ ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

እንደሚታወቀው በእኛ አገር ወተት የተከበረ ነገር ነው። ለእንግዳ፣ ለሕመምተኛ፣ ለአራስ፣ ለሕፃን የምናቀርበው ወተትና ቅቤ ነው። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» የሚለው ተረት እንኳ ወተት ማጣት ትልቅ ማጣት መሆኑን የሚናገር ነው። እኔ ግን ላሚቱ በምድር እያለች፣ ወተቱም በጠረጴዛዬ ላይ እያለ መከራዬን ያየሁ ሰው ነኝ።

ከጎልማሳነቴ ጀምሮ ሆዴ ይነፋ ነበር። ይጮኻል፣ ይቆርጠኛል፣ አንዳንድ ቀን ከቢሮ ወንበሬ ላይ ተነሥቼ እሮጣለሁ። ሰው ሁሉ «ጨጓራ ነው» አለኝ። የጨጓራ መድኃኒት ወሰድኩ። ሌላው «አሜባ ነው» አለኝ። የአሜባ መድኃኒት ደጋግሜ ዋጥኩ። ከሁሉ የሚገርመው ደግሞ «ለጨጓራ ወተት ነው መድኃኒቱ» ተብዬ ጧትና ማታ አንድ አንድ ብርጭቆ ወተት እጠጣ ነበር። በጠጣሁ ቁጥር ባሰብኝ፤ በባሰብኝ ቁጥር ደግሞ ጨምሬ ጠጣሁ። እንግዲህ ምን ላርግ? የነገሩኝን ነው ያደረግሁት።

በ2011 ዓ.ም. ላይ ጤና ጣቢያ ስሄድ አንዲት ወጣት ሐኪም አገኘችኝ። ልጅ ናት፣ የልጄ እኩያ ብትሆን ነው። ሆዴን ዳሰሰች፣ ምርመራ አዘዘች፣ ከዚያ በኋላ አንዲት ጥያቄ ጠየቀችኝ፤ «አባባ፣ በጾም ጊዜስ ያምዎታል?»

እኔ ዝም አልኩ። ለካስ አያመኝም! ዐቢይ ጾም 55 ቀን ሙሉ ሆዴ ጸጥ ይላል። በፍልሰታ 15ቱን ቀን ጸጥ ይላል። ፋሲካ በዋለ ማግሥት ግን ይጀምረኛል። እኔ «ሥጋው ነው፣ ጾም ፈትቼ ስለበዛብኝ ነው» እል ነበር። ሠላሳ ዓመት በላይ የሰው ፋይል ሳገላብጥ የራሴን ፋይል ሳላነበው ኖሬያለሁ።

ሐኪሟ እንዲህ አለችኝ፤ «ለ3 ሳምንት ወተትና የወተት ነገር ሁሉ ይተዉ። የበሉትንና ሆድዎ የሆነውን ይጻፉ። ከዚያ አንድ ብርጭቆ ወተት ይጠጡና የሚሆነውን ደግሞ ይጻፉ።» መጻፍማ ሥራዬ አይደል? ደብተር ገዛሁ። ቀን፣ ሰዓት፣ የተበላው፣ የሆድ ሁኔታ ብዬ በአራት ዓምድ አሰመርኩት። 3 ሳምንቱ ሲያልቅ በአራተኛው ዓምድ ውስጥ «ደኅና፣ ደኅና፣ ደኅና» የሚል ነበር። በ22ኛው ቀን ጧት አንድ ብርጭቆ ወተት ጠጣሁ። ከአንድ ሰዓት በኋላ የጻፍኩትን እዚህ ጉባኤ ፊት ባላነበው ይሻላል።

ሐኪሟ ደብተሬን አይታ ያስረዳችኝን በሚገባኝ ቋንቋ ልንገራችሁ። በወተት ውስጥ ላክቶስ የሚባል ስኳር አለ። በአንድ ብርጭቆ፣ ማለት በ250 ሚሊ ሊትር የላም ወተት ውስጥ 12 ግራም ያህል ይገኛል። ይህን ስኳር የሚፈጭልን በትንሹ አንጀታችን ውስጥ ያለ ላክቴዝ የሚባል ነገር ነው። ሕፃን ሳለን ሁላችንም በብዛት አለን። ጡት ከጣልን በኋላ ግን በብዙው ሰው እየቀነሰ ይሄዳል። በዓለም ላይ ካሉት ሰዎች ወደ ሁለት ሦስተኛ የሚሆኑት እንዲህ ናቸው። ከጥንት ከብት አርብተው ወተት እየጠጡ በኖሩ ሕዝቦች ዘንድ ግን አድጎም ወተት የሚፈጭ ሰው ይበዛል። ስለዚህ ይህ በሽታ እንኳ አይባልም፤ አፈጣጠር ነው። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ በዚያ ያሉት ተሕዋስያን ያቦኩታል። ልክ ሊጥ እንደሚነፋ ሆድ ይነፋል፣ ጋዝ ይሆናል፣ ይቆርጣል፣ ያስቀምጣል። ያሠቃያል እንጂ አይገድልም።

አንዳንድ ጊዜም ከጃርዲያ ወይም ከብርቱ ተቅማጥ በኋላ አንጀት ተጎድቶ ለጥቂት ሳምንታት ወተት አልስማማ ይላል፤ ሲድን ይመለሳል። ደግሞም ክብደት የሚቀንስ፣ ከሰገራው ጋር ደም የሚያይ፣ ትኩሳት ያለበት ሰው «ወተት ነው» ብሎ ቤቱ እንዳይቀመጥ። ያ ሌላ ነገር ነውና ሳይዘገይ ይመርመር። «በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም» ይባላል።

እኔን ደስ ያለኝ ነገር ቢኖር ሁሉንም መተው አያስፈልግህም መባሌ ነው። እርጎ ሲረጋ ተሕዋስያኑ ከስኳሩ ከፊሉን ስለሚበሉት ከወተት ይልቅ ይቀላል። አይብ ሲወጣ አብዛኛው ስኳር ከአጓቱ ጋር ይሄዳል። ንጥር ቅቤማ ከስኳሩ ምንም ያህል የለበትም። እንደ እኔ ያለ ብዙ ሰው አንድ ብርጭቆም ቢሆን ከምግብ ጋር ቀስ ብሎ ሲጠጣ ይችለዋል። እኔ አልቻልኩም፤ እርጎ ግን ተስማማኝ። በዚሁ «አሁንስ አወቅሁት» ብዬ ኮራሁ። ስሕተቴም የጀመረው ከዚህ ላይ ነው።

በ2014 ዓ.ም. የልጄ ልጅ የ14 ወር ሕፃን ነበረች። ቀደም ብላ የዱቄት ወተት ስትቀምስ ሰውነቷ ላይ ሽፍታ ወጥቶባት ስለነበር እናቷ «አባዬ፣ አደራ፣ የወተት ነገር እንዳትቀምስ» ብላ ነግራኝ ነበር። አንድ ቀን እናቷ ገበያ ሄዳ ልጅቷ ከእኔ ጋር ዋለች። እኔ እርጎዬን እየጠጣሁ ሳለ እጇን ዘረጋች። በልቤ «ይቺም እንደ አያቷ ናት። ወተት ነው እንጂ እርጎ ምን ያደርጋታል?» አልኩ። ሁለት ማንኪያ አጎረስኳት።

ብዙ ደቂቃ አልቆየም። ከንፈሯ አበጠ። ፊቷና አንገቷ ላይ ሽፍታ ወረደ። አስመለሳት፤ ከዚያ ትንፋሿ እንደ ፉጨት ይሰማ ጀመር። ባለቤቴ ጮኸች፣ ጎረቤት ወጣ። ከመካከላችሁ አንዱ፣ ስሙን እንዳልጠራው ለምኖኛል፣ መኪናውን አስነሥቶ ሆስፒታል አደረሰን። ሐኪሞቹ ወዲያው ጭኗ ላይ መርፌ ወጓት፣ አየር ሰጧት። ተረፈች። እኔ ግን በዚያ መተላለፊያ ላይ ቆሜ የእድሩን ድንኳን በደጃፌ ተተክሎ አይቼዋለሁ። በዚያ ድንኳን ውስጥ ልጄን ምን ብዬ ላጽናናት ነበር?

ያን ዕለት ነው ሁለት ዓይነት ነገር መኖሩን የተማርኩት። ይኸውም የእኔ የስኳሩ ጉዳይ ነው፤ የሕፃኗ ግን አለርጂ ነው። አለርጂ ሲሆን ሰውነት የወተቱን ፕሮቲን እንደ ጠላት ቆጥሮ ይዋጋዋል። ይህ በብዛት የሚታየው በሕፃናት ላይ፣ በመጀመሪያው ዓመት ነው። አብዛኞቹ ሲያድጉ ይለቃቸዋል፤ ለቋቸው እንደሆነ የሚፈተነውም በሐኪም ፊት እንጂ በአያት ማንኪያ አይደለም። ለአለርጂ እርጎም፣ አይብም፣ አሬራም፣ ቅቤም ሁሉም ያው ናቸው። ጥቂቷም ልትበቃ ትችላለች። ከንፈርና ዓይን ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ፣ ልጁ ከዛለ፣ ውሃ ላጠጣው፣ ነጭ ሽንኩርት ላሽትተው ሳይባል በቀጥታ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው።

ብዙ ሰው ደግሞ «የላም ካልሆነ የፍየል ስጡት» ይላል። እኔንም ብለውኛል። የፍየልና የበግ ወተት ፕሮቲኑ ከላም ጋር ስለሚመሳሰል ለአለርጂ አይሆንም። ስኳሩም ከላም ወተት እምብዛም ስለማያንስ ለእኔ ዓይነቱም መፍትሔ አይደለም። የግመል ወተት ፕሮቲኑ ለየት ያለ ነው ይባላል፤ ቢሆንም ስኳሩ በእርሱም አለ፤ አለርጂ ላለበት ልጅም ያለ ሐኪም ፈቃድ አይሰጥም። ሱቅ ውስጥ ላክቶስ የወጣለት የሚባለው ወተትም ለእኔ ዓይነቱ ይሆናል፤ ለሕፃኗ ግን ያው ወተት ነው።

ታዲያ ምን እንብላ? ምንስ እንጠጣ? እዚህ ላይ እናቶች ሆይ፣ ትምህርቱ የእናንተ ነው። ፈረንጆቹ ወተት ለማይስማማው ሰው ብለው በካርቶን አሽገው የሚሸጡትን እናንተ ጓዳችሁ ውስጥ ከድሮ ጀምራችሁ ስትሠሩት ኖራችኋል። ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን የሚጾም አገር ያለ ወተትና ያለ ቅቤ ማብሰልን ከማንም በላይ ያውቃል። የጾም ብለን የምንጠራውን መብል ወተት ለማይስማማው ሰው በፍስክም ቀን ማቅረብ ብቻ ነው የቀረን። ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም ቢሆኑ ሱፉንና ተልባውን በደንብ ያውቁታል።

በመጀመሪያ ለመጠጥ የሚሆነውን ልናገር። አንደኛው የሱፍ ወተት ነው። ባለቤቴ የምታደርገው ሱፉን ለቅማ አጥባ በውሃ ጥቂት ታፈላዋለች፣ ትወቅጠዋለች፣ በውሃ በጥብጣ በንጹሕ ጨርቅ ታጠልለዋለች። መልኩ ወተት ነው። እንዲሁ ይጠጣል፣ ፍትፍትም ይሆናል። ሁለተኛው ተልባ ነው፤ ታምሶ፣ ተፈጭቶ፣ በውሃ ተበጥብጦ፤ ለሆድ ድርቀትም ይረዳል። ሦስተኛው የአጃ አጥሚት ነው፤ ወተት ሳይገባበት በውሃ ብቻ ይሠራል። አራተኛው የኦቾሎኒ ሻይ ነው፤ የተቆላ ኦቾሎኒ ልሞ ከውሃ ጋር ይፈላል። አምስተኛው የአኩሪ አተር ወተት ነው። ይህን በተለይ መዝግቡልኝ፤ ምክንያቱም ከእነዚህ ሁሉ በፕሮቲን ወደ ላም ወተት የሚጠጋው እርሱ ስለሆነ ነው። አንድ ብርጭቆ የላም ወተት 8 ግራም ያህል ፕሮቲን አለው፤ የአኩሪ አተሩም በደንብ ከተሠራ ከዚያ ብዙ አያንስም። የሱፍና የአጃው ግን ቀጭን ናቸው፤ ጉሮሮ ያርሳሉ እንጂ የወተትን ሥራ ሁሉ አይሠሩም።

አኩሪ አተሩ እንዲህ ይሠራል። አንድ ብርጭቆ አኩሪ አተር በብዙ ውሃ ሲዘፈዘፍ ያድራል። ጧት በእጅ እያሹ ልጡን መግፈፍ፣ ውሃውን መድፋት። ከዚያ ከ6 እስከ 8 ብርጭቆ በሚሆን ውሃ እየፈጩ በጨርቅ ማጥለል። ከዚያ ደግሞ መፍላት ከጀመረ በኋላ 20 ደቂቃ ያህል እያማሰሉ ማንተክተክ። ጥሬውን መጠጣት አይገባም፤ ሆድ ያውካል። ይገነፍላልና ድስቱ ሰፊ ይሁን። የሚሸት የሚመስለው ሰው ጥቂት ዝንጅብል ወይም ቀረፋ ይጨምርበት።

ሁለተኛው የአይብና የእርጎ ቦታ ነው። ያንኑ ትኩስ የአኩሪ አተር ወተት ከእሳት አውርዳችሁ የሎሚ ጭማቂ በውሃ አቅጥናችሁ ብትጨምሩበት ይቋጥራል። በጨርቅ አጥልላችሁ ጫን ብታደርጉት አይብ ይሆናል። ጨውና ቅመም ጨምራችሁ ከጎመን ጋር ስታቀርቡት እንግዳው ሳይጠይቅ ይበላዋል። ኮምጣጣ ለሚወድ ደግሞ ስልጆ አለ፤ ባቄላው፣ የሱፉ ውሃ፣ ሰናፍጩ። እርጎ ከእንጀራ ጋር ይዞት የነበረውን ቦታ ስልጆ በደንብ ይይዛል። አዚፋውም አለ።

ሦስተኛው የቅቤ ቦታ ነው። ቅቤ የሌለበት ወጥ አይጥምም የሚባለው ቅመሙን ስለምናስበው ነው እንጂ ጣዕሙን የሚሰጠው ኮረሪማው፣ ኮሰረቱና በሶብላው ነው። ዘይቱን ለዘብ ባለ እሳት ላይ አድርጎ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ኮሰረት፣ በሶብላ፣ ጥቂት እርድ ጨምሮ ሳያሳርሩ አብስሎ ማጥለል ነው። የዶሮውን ወጥ በዚህ ሠርታችሁ እዩት። ዶሮና እንቁላል የላም ወገን አይደሉም፤ ሥጋም ቢሆን ወተት አይደለም። ወተት የማይስማማው ሰው ሁልጊዜ ሽሮ ይብላ ማለት አይደለም።

እዚህ ላይ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አለርጂ ያለበት ልጅ አንዳንዱ ኦቾሎኒም፣ ሰሊጥም፣ አኩሪ አተርም ላይስማማው ይችላል። ስለዚህ አዲስ ነገር ሲሰጥ በጥቂቱ፣ አንድ በአንድ፣ ሐኪምን ጠይቆ ይሁን። ከሁሉ በላይ ደግሞ እስከ 6 ወር የሕፃን ምግብ የእናት ጡት ብቻ ነው። አንድ ዓመት ላልሞላው ልጅ የሱፍ፣ የአጃ፣ የአኩሪ አተር ውሃ አጥልሎ በጡት ፈንታ መስጠት ልጁን ማስራብ ነው። ለአለርጂ የሚሆን ልዩ የዱቄት ወተት ሐኪም ያዝዛል። የሚጠባ ልጅ አለርጂ ካለበትም እናቲቱ ጡቷን አታቁም፤ ሐኪሙ ካዘዘ እርሷ ናት የወተት ነገር የምትተወው። ገና ለተወለደ ሕፃን ቅቤ ማስዋጥ የሚባለውም ልማድ ይቅር። ቅር እንዳትሰኙ፤ የእኔም እናት ታደርገው ነበር።

ወተት ስንተው የሚቀርብን ነገርስ? ዋናው ካልሲየም ነው፤ ለአጥንትና ለጥርስ የሚሆነው። አንድ ትልቅ ሰው በቀን 1,000 ሚሊ ግራም ያህል ያስፈልገዋል፤ ዕድሜዋ ከ50 በላይ የሆነች ሴት ደግሞ 1,200። አንድ ብርጭቆ ወተት 300 ያህል ይሰጥ ነበር። አምላክ ይመስገን፣ ጤፍ አለን። በ100 ግራም የጤፍ ዱቄት ውስጥ 180 ሚሊ ግራም ያህል አለ፤ ይህ ከስንዴ ዱቄት እጅግ ይበልጣል። ሊጡ በእርሾ መቡካቱም ሰውነት ማዕድኑን እንዲወስደው ይረዳል። ልጡ ያልተላጠ ሰሊጥ በካልሲየም የታወቀ ነው፤ አንድ የሾርባ ማንኪያው 90 ሚሊ ግራም ገደማ ይሰጣል። ጎመን አለ። በካርቶን የሚሸጠውን የአኩሪ አተር ወተት የሚገዛ ሰው ካልሲየም የተጨመረበት መሆኑን ያንብብ፣ ሳይጠጣም ካርቶኑን በደንብ ይነቅንቅ፤ ከታች ይዘቅጣልና። እቤት የምንሠራው ግን የተጨመረበት ነገር ስለሌለው በእርሱ ብቻ መተማመን አይገባም። ደግሞ እንደ እኔ ጡረታ ወጥታችሁ ቤት የምትውሉ ጥቂት ፀሐይ ሙቁ፤ ካልሲየሙን የሚያሠራው ቫይታሚን ዲ ከፀሐይ ይገኛል። ቫይታሚን ቢ12 የሚባለው ደግሞ ከእንቁላል፣ ከሥጋና ከዓሣ ይገኛል፤ እነዚህንም የማይበላ ሰው ሐኪም ያማክር።

የተደበቀ ወተት መኖሩንም አትርሱ። ብስኩት፣ ኬክ፣ ክሬም፣ ቸኮላት፣ አንዳንድ ማርጋሪንና አንዳንድ ዳቦ ውስጥ ወተት አለ። መጠቅለያው በእንግሊዝኛ ነው የተጻፈው፤ ስለዚህ ልጆቻችንን «ሚልክ፣ ዌይ፣ ኬሲን የሚል አለበት ወይ?» ብለን እናስነብባቸው። የጾም ኬክና የጾም ማኪያቶ የሚሸጡ ቤቶችም አሉ። ሆኖም ማሽኑና ማንኪያው ከፍስኩ ጋር አንድ ከሆነ ለእኔ ምንም አይደለም፤ ለአለርጂ ሰው ግን አያስተማምንም።

ውድ የእድራችን አባላት፤ አሁን ወደ እድሩ እመለሳለሁ። ከዚያች ቀን ወዲህ ልጄ ለቅሶ ስትመጣ ልጇን ሰው ጋር ትታ ነው የምትመጣው። እርሷም ድንኳን ውስጥ እጇን ታጥባ አትቀመጥም፤ እጇ ላይና ልብሷ ላይ ቅቤ ይዛ ወደ ሕፃኗ እንዳትሄድ ትፈራለች። ይህን የማያውቅ ሰው «ናቀችን፣ የእድር ምግብ አትበላም» ብሎ አማት። እኔም ሰማሁ። እንደ እርሷ ዝም ብለው የሚሄዱ፣ እንደ እኔም ለይሉኝታ በልተው ሌሊቱን የሚሠቃዩ ስንት እንደሆኑ ማን ያውቃል? ሰው ሐዘንተኛን ሊያጽናና መጥቶ በሆዱ ታሞ መሄድ የለበትም።

በመሆኑም ለዚህ ጉባኤ ሦስት ሐሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ በፍስክ ቀን በምናበስለው ሁሉ አንድ ድስት ቅቤና ወተት ሳይገባበት በዘይት ይሠራ። ጆሮው ላይ ቀይ ጨርቅ ይታሰርበት። የራሱ ጭልፋ ይኑረው፤ ያ ጭልፋ ወደ ሌላ ድስት አይግባ፣ የሌላውም ወደ እርሱ አይምጣ። ቅቤ ከዘይት ይወደዳልና ይህ የእድሩን ወጪ አይጨምርም። ድስቶቹም ጭልፎቹም በእድሩ ዕቃ ቤት አሉ፤ ቆጥሬያቸዋለሁ።

ሁለተኛ፤ በአባላት መዝገብ ላይ ከቤተሰብ ስም አጠገብ አንድ ዓምድ ይሰመር። የማይስማማው ምግብ ያለበት ሰው፣ በተለይም ሕፃን፣ ወላጁ ከፈቀደ ይጻፍ። ምግብ ለሚያሰናዱት እናቶች ብቻ ይነገር። ማስመሩንና መጻፉን እኔ ያለ ክፍያ እሠራለሁ።

ሦስተኛ፤ ይህ ገንዘብ ሳይሆን ልብ የሚጠይቅ ነው። «በሞቴ» እያልን ሰውን አናስገድድ። ባህላችን ደግ ነው፤ ጉርሻ ፍቅር ነው። ነገር ግን አንድ ሰው «አይስማማኝም» ሲል አንዴ ሰምተነው ሌላውን ድስት እናሳየው። የሰው ልጅ ደግሞ እናቱን ሳንጠይቅ አናጉርስ። እኔ ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ያን ሁሉ ባላየሁ ነበር።

ዛሬ ቤት ስትገቡ የራሳችሁን ፋይል ግለጡ። በጾም ሆዱ የሚያርፍ፣ በፍስክ የሚታወክ ካለ ያስተውል፤ የማይጾምም 3 ሳምንት ይሞክርና ይጻፍ። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንዲሉ፣ አንድ እናት ብቻዋን የምትሸከመውን ሥጋት እድርተኛው ቢካፈለው ይቀላል። የልጅ ልጄ አሁን 4 ዓመቷ ነው። አለርጂው ገና አለቀቃትም፤ ሐኪሟ ግን ተስፋ አለ ብላናለች። እስከዚያው ድረስ ያቺ ቀይ ጨርቅ ያለባት ድስት ብትኖር፣ እናቷ እጇን ይዛት ወደ ድንኳናችን ትመጣለች።

እድራችንን ያጽናልን፣ ድንኳናችን ከሣጥኑ ሳይወጣ ዓመት ያድርሰን።